ድምፅ ስጡ

«ከእንግዲህ ኪቦርድ ተጫዋች አያስፈልጋችሁም» ያልኩት እኔ ነኝ። ማንንም ለመጉዳት ብዬ አልነበረም። ሦስት ሳምንት የደከምኩበት ነገር በመጀመሪያው ሙከራ ሲሠራልኝ ከደስታ ብዛት አፌ አምልጦኝ ነው። ግን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰሙኝ። ኦሞትም በኋለኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰማኝ።

ኦሞት የኳየሩ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ቀን ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል፣ ያወርዳል። ከሥራ ሲወጣ ያንን የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ሰደርያውን ሳያወልቅ ወደ ልምምድ ይመጣል። አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ሲያደርግ ኖሯል። በየካቲት አንድ ቀን ግን መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል ተመለሰና ኪቦርዱ አንዴ እንደ ድመት ጮኾ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸትቶ፣ ዝም አለ። ሁለት ጠጋኞች ከፍተው አዩት። ሁለተኛው «ይሄንን ቅበሩት» ብሎ ሄደ።

የአቦቦው ጉባኤ ሊደርስ ያን ጊዜ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ከየወረዳው፣ ከጎግ ሳይቀር፣ ሰው የሚመጣበት የሦስት ቀን ጉባኤ ነው። ለዚህ ነው ሽማግሌ ዱዋል፣ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር፣ እኔን ፍለጋ እስከ ቤት የመጡት።

«አንቺ ውጭ አገር ድምፅ ነው አሉ የተማርሽው» አሉኝ።

«የድምፅ ቴክኖሎጂ ነው፣ ጋሼ።»

«እሱም ይሁን። ታዲያ ድምፅ አምጪልን።»

ኤልሳ እባላለሁ። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ከአክስቴ ጋር ወደ ኖርዌይ ሄጄ፣ ዝናቡ በማያባራበት፣ በርገን በሚባል ከተማ አድጌ፣ እዚያው ተምሬ፣ ከስምንት ወር በፊት ወደ ጋምቤላ ተመለስኩ። ለምን እንደተመለስኩ ሰዎች ሲጠይቁኝ በየጊዜው የተለያየ መልስ እሰጣለሁ። አንዱም ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ሽማግሌ ዱዋል ሲመጡ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚፈልገኝ ሰው በመገኘቱ ተደሰትኩ።

ያለኝ ነገር ብዙ አይደለም። ላፕቶፕ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ታብሌት፣ ሃያ አምስት ቁልፍ ያለው አንድ ሚዲ ኮንትሮለር። ኮንትሮለሩ ትንሽ ኪቦርድ ይመስላል። ከቁልፎቹ በላይ ስምንት የጎማ መምቻዎችና ጥቂት በተኖች አሉት። እኔ አሥራ ሁለት መዝሙሮችን ከነከበሮአቸው፣ ከነቤዝ ጊታራቸው በላፕቶፑ ላይ ሠርቼ ለእያንዳንዱ መዝሙር አንድ መምቻ መደብኩ፤ ለቀሪዎቹ አራት ደግሞ ሁለተኛ ገጽ አዘጋጀሁ። መምቻውን አንዴ መታ ማድረግ ነው፣ መዝሙሩ ከመግቢያው እስከ መዝጊያው ራሱን ይጫወታል። አዳራሹ ውስጥ ለሽማግሌዎቹ ሳሳያቸው ያ ዓረፍተ ነገር ከአፌ ወጣ።

በማግስቱ ኦሞት ከነሰደርያው ቤቴ መጣ። ይወቅሰኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ አልወቀሰኝም።

«ያንን ነገር ልየው» አለኝ።

ሁለታችንም አኝዋክ ነን፣ በገዛ ቋንቋችን ማውራት እንችል ነበር። ግን ኦሞት የኳየር ጉዳይ ሁሉ በአማርኛ ነው የሚናገረው፣ ኑዌር ወንድሞች በሌሉበትም ቢሆን። «ዛሬ በኛ ቋንቋ ከጀመርን ነገ እነሱ ፊት ያመልጠናል፣ በር መዝጋት ይሆናል» ይላል። አማርኛውን የተማረው ሻንጣ ሲጭን ከሾፌሮች ስለሆነ ሴትና ወንድ አይለይም። ሁሉም ሰው «አንተ» ነው።

ኮንትሮለሩን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩለት። አንድ ቁልፍ ተጫነ። ዝም። ሌላ ተጫነ። ዝም።

«ሞቷል እንዴ?»

«አልሞተም። ይሄ ራሱ ድምፅ የለውም፣ ወንድም ኦሞት። የቱን ቁልፍ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተጫንክ ብቻ ነው የሚናገረው። ድምፁን የሚያወጣው ታብሌቱ ነው፣ ወይም ኮምፒውተሩ።»

አሰበበት። «ገባኝ። የቢሮ ኃላፊ ነው። ይሄ ያዛል፣ ያ ይሠራል፣ ጭብጨባው ለስፒከሩ።»

ሳቅሁና ከታብሌቱ ጋር አገናኘሁለት። የፒያኖ ድምፅ መጣ። ኦሞት ሻንጣ የለመደ እጁን በእነዚያ ቀጫጭን ቁልፎች ላይ ሲያኖር ሁለት ሁለቱን በአንድ ጣት ይጫን ጀመር። «ለሕፃን የተሠራ ነው» አለ። ቀስ በቀስ ጣቶቹን እያጠበበ ሄደና አንድ የማውቀውን መዝሙር ተጫወተ። ሳዳምጥ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የሚነካው ነጮቹን ቁልፎች ብቻ ነው። ሌላ መዝሙር ጀመረ። እንደገና ነጮቹን ብቻ።

«ጥቁሮቹንስ?»

«እነሱን አላውቃቸውም።»

«ታዲያ መዝሙሩ ከሌላ ቦታ ሲነሳ ምን ታደርጋለህ?»

«በአሮጌው ላይ ፕላስና ማይነስ ነበር። ሁለት ጊዜ ማይነስ፣ አንድ ጊዜ ፕላስ…» በአውራ ጣቱ ባዶውን አየር እየነካካ አሳየኝ። «መዝሙር የሚያነሡልን እማማ አቻን ጉሮሯቸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይደለም። ጉንፋን ሲኖርባቸው ታች ናቸው። ደስ ሲላቸው ላይ ናቸው። ፕላስ፣ ማይነስ፣ ከዚያ አብረን ነን።»

በርገን የነበረ መምህሬ ይህን፣ እጅ ቦታውን ሳይለቅ ድምፁን ብቻ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ በተን፣ «የሰነፍ ምርኩዝ» ይለው ነበር። እኔም ያንኑ ደገምኩ፤ ቃሉን ሳይሆን ሐሳቡን። ትክክለኛው መንገድ ሁሉንም ቁልፎች መማር እንደሆነ፣ ከዚያም በላይ ዘማሪዎቹ በተወሰነ ቦታ መጀመርን መልመድ እንዳለባቸው ነገርኩት።

ኦሞት አልተቆጣም። «ሻንጣ ከመንገደኛው ቀድሞ አይበርም» አለኝ። «መንገደኛው ካልተሳፈረ ሻንጣውን ከአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ፈልገን እናወርዳለን። በፀሐይ፣ ሁሉንም አገላብጠን። እኔ ሻንጣ ነኝ። እማማ አቻን መንገደኛ ናቸው።»

ኮንትሮለሩ ላይ ሁለት ትናንሽ በተኖች ነበሩ፤ ድምፁን አሥራ ሁለት ቁልፍ ያህል በአንድ ጊዜ የሚያሻግሩ። ላፕቶፑን ከፈትኩና እያንዳንዱ አንድ ቁልፍ ብቻ እንዲያሻግር አስተካክዬ ወደ ኮንትሮለሩ ላክሁት። አንዴ ከተቀመጠለት በኋላ ኮምፒውተር አያስፈልገውም፣ በራሱ ያስታውሰዋል።

«ዘምር» አለኝ ኦሞት።

ከየትም ጀመርኩ። ሁለት ቁልፍ ነካ፣ በተኑን ሦስት ጊዜ ተጫነ፣ ከእኔ ጋር ሆነ። ቦታ ቀየርኩበት። አገኘኝ። ስድስት ጊዜ ሞከርኩ። በስድስተኛው ላይ ሲሳሳት ላየው እየፈለግሁ እንደሆነ ገባኝና አፍሬ ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሽማግሌዎቹን አላነጋገርኳቸውም። ተሳስቻለሁ ማለት ነበረብኝ፣ ግን ተሳስቻለሁ ብዬ እርግጠኛ አልነበርኩም። የሠራኋቸው አሥራ ሁለት መዝሙሮች ጥሩ ነበሩ። ከበሮው ንጹሕ ነው፣ አንድም ስሕተት የለበትም። አቦቦ ላይ ሁለት ሺህ ሰው ፊት የቱ ይሻላል?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። አሥራ አራት ዘማሪዎች፣ ሦስት ሽማግሌዎች። ጉዳዩ አንድ ነው፦ ወደ አቦቦ የሚሄደው ኦሞት ነው ወይስ እኔ የሠራሁት፣ በፍላሽ የተቀዳው ሙዚቃ? ሙቀቱ አዳራሹን አንቆት ነበር። ላፕቶፑ ከትልቁ ስፒከር ጋር ተያይዟል። ኮንትሮለሩና ታብሌቱ ከጎኑ በትንሹ ስፒከር ላይ ክፍት ናቸው። ኦሞት ከሥራ በቀጥታ መጥቶ ግድግዳው ጥግ ቆሟል።

አስቀድሜ የኔን አስጀመርኩ። ኳየሩ ዘመረ። ጥሩ ሄደ። ቢቾክ የሚባለው ባለ ወፍራም ድምፁ ዘማሪ በከበሮው ትከሻውን ይነቀንቅ ነበር። የኳየሩ መሪ ኛሩአች አንድ ቦታ ላይ መግቢያው አልፏት ሮጣ ደረሰችበት። እማማ አቻን ብቻ አልዘመሩም። ከፍ ስላለባቸው አፋቸውን ከፍተው ዘጉት።

እማማ አቻን የኳየሩ አንጋፋ ናቸው፤ መዝሙር ሁሉ የሚነሳው በሳቸው ነው። አማርኛቸው በሙሉ ከመዝሙር የመጣ ነው። ጸጋን ያውቃሉ፣ ምሕረትን ያውቃሉ፣ ሽንኩርት በአማርኛ ምን እንደሚባል ግን አያውቁም።

ሙዚቃው ሲያልቅ ሽማግሌ ዱዋል መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ሰምተናል። የኤልሳ ሥራ ጥሩ ነው። ወንድም ኦሞትም አሥራ አምስት ዓመት አገልግሏል፣ እግዚአብሔር ይስጠው።»

«እግዚአብሔር ይስጠው» ሲባል ኦሞት ወለሉን አየ። እኔም እንደዚያ ዓይነት ምስጋና ወዴት እንደሚያመራ አውቃለሁ።

«ስለዚህ» አሉ ሽማግሌ ዱዋል፣ «ድምፅ ስጡ።»

ኛሩአች በየልምምዱ መጀመሪያ ለዘማሪዎቹ የምትለው ይህንኑ ነው። «ድምፅ ስጡ» ስትል እማማ አቻን መዝሙሩን ያነሳሉ፣ ሌላው ይከተላል። እማማ አቻን በሕይወታቸው ይህን ቃል ለሌላ ነገር ሰምተውት አያውቁም። ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑና ድምፅ ሰጡ።

በአኝዋክኛ የሚዘመር የቆየ መዝሙር ነበር። እኔ ከሠራኋቸው ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ የለም። ሽማግሌ ዱዋል እጃቸውን አንሥተው «እናታችን፣ እንደሱ ሳይሆን…» ሊሉ ሲጀምሩ ኛሩአች ገባች፤ ልማድ ነው፣ እማማ አቻን ካነሡ ይገባል። ከዚያ ቢቾክ። ከዚያ ሁሉም። ኑዌሮቹም አኝዋኮቹም ቃሉን ያውቁታል።

ኦሞት መቼ ከግድግዳው እንደተነሣ አላየሁም። ሰውዬው መጥቶ አጠገቤ ቆሞ፣ አንድ ቁልፍ በቀስታ ነካ። ማይነስ፣ ማይነስ፣ ማይነስ። ሌላ ቁልፍ። አንድ ማይነስ ጨመረ። ከዚያ በሙሉ እጁ ገባ። ያቺ ትንሿ ስፒከር ተንቀጠቀጠች። እማማ አቻን ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሦስተኛውን ስንኝ ደገሙት፣ እንደገናም ደገሙት፣ አራተኛውን አዘገዩት። ኦሞት ጎንበስ ብሎ አፋቸውን እያየ አብሯቸው ዘገየ። የኔ ሙዚቃ ቢሆን ያን ጊዜ ጨርሶ ቤቱ ገብቶ ነበር።

ሲያልቅ ሽማግሌ ዱዋል አሁንም እጃቸው በአየር ላይ ነበር።

«እናታችን» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ ድምፅ ያልኩት እጅ ነው።»

ኛሩአች ለእማማ አቻን ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ ተረጎመችላቸው። እማማ አቻን ቆጣ አሉ። «እጅ ከሆነ እጅ በል!»

አዳራሹ ፈነዳ። ቢቾክ አግዳሚውን እየደበደበ ሳቀ። ሽማግሌ ዱዋል ራሳቸው መነጽራቸውን ፈልገው እስኪያጡ ሳቁ።

«እሺ፣ ኦሞት ወደ አቦቦ ይሂድ የምትሉ፣ እጅ!» አሉ።

እጆች ወጡ። ቢቾክ ብቻ እጁን ጭኑ ላይ አስቀርቶ «ከበሮው ግን ያምራል፣ መዋሸት አልችልም» አለ። እኔም ሳላስብ እጄን አውጥቻለሁ። ሽማግሌ ዱዋል ሲቆጥሩ እኔ ጋ ሲደርሱ ዘለሉኝ። ኳየሩ ውስጥ አልተመዘገብኩም። ትክክል ናቸው፣ ቢሆንም ትንሽ ነካኝ።

«አልጨረስንም» አሉ ቆጥረው ሲያበቁ። «እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ። ይህ መሣሪያ የኤልሳ ነው። ኤልሳ ባትኖርስ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከበርገን የመጣልኝን ደብዳቤ ለማንም አልነገርኩም። ከነሐሴ የሚጀምር ሥራ ነው። መልስ ሳልሰጥ አሥራ አንድ ቀን ሆኖኝ ነበር። የሰው ፊት ግን ያሳብቃል።

«ብሄድም መሣሪያውና ታብሌቱ እዚህ ይቀራሉ» አልኩ። ሳላስብ የተናገርኩት ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው።

«ቢቀሩስ ማን ያስነሣቸዋል? ኦሞት ከነካው በኋላ መጫወቱን አየን። ከመንካቱ በፊት ያለውን ሁሉ የምትሠሪው አንቺ ነሽ።» ወደ ኦሞት ዞሩ። «እስከ ረቡዕ ብቻህን ከፍተህ፣ አገናኝተህ፣ ድምፅ አውጥተህ ካሳየኸኝ ትሄዳለህ። ካልሆነ በፍላሽ ያለውን እንይዛለን። ሁለት ሺህ ሰው ፊት ቆመን ሽቦ አንፈልግም።»

ኦሞት «እሺ» አለ።

እሑድና ሰኞ ቤቴ መጣ። ቅደም ተከተሉን በአማርኛ እንድጽፍለት ጠየቀኝና ጻፍኩ። ካርቶን ላይ ነው የጻፍኩት፣ ወረቀት ላብ ይበላዋል ስላለኝ። ግን የጻፍኩበትን ቋንቋ አልወደደውም።

«‹አፕሊኬሽኑን አስጀምር› ምንድነው?»

«ታብሌቱ ላይ ያለውን…»

«‹ሰማያዊውን ንካ› በል። ‹ግንኙነቱን አረጋግጥ›ስ?»

«ኮንትሮለሩ ላይ ያለችው መብራት…»

«‹ቀይዋን እይ› በል። አንተ ደብዳቤ ነው የምትጽፈው፣ እኔ ዕቃ ነው የማነሣው።»

ደግሜ ጻፍኩት። ስጽፈው አጠረ። ኮምፒውተሩ ጭራሽ ከዝርዝሩ ወጣ። በመጨረሻ ስድስት መስመር ብቻ ቀረ፣ እኔ ለራሴ ብጽፈውም ከዚያ የተሻለ አልጽፈውም።

ማክሰኞ ግን አልሆነም። ሦስት ጊዜ አገናኘ፣ ሦስቱንም ጊዜ ቁልፉን ሲነካ ዝም። ሰደርያው ከጀርባው ላይ ተጣበቀ። አንዱን ሽቦ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ተወኝ። ሻንጣ ልጫን። ሻንጣ ከእኔ ጋር አይጣላም።»

በዚያች ቅጽበት ሽቦውን አንሥቼ ራሴ ላገናኝለት እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ መልሼ ሰበሰብኩት። በርገን በነበርኩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ሰዎች ሁሉ ደግ ነበሩ፣ ነገሮችን ከእጄ እየወሰዱ ይሠሩልኝ ነበር። እስከ ዛሬ የዚያች ከተማ የአውቶቡስ ቲኬት መቁረጫ ማሽን እጄን ያስፈራዋል።

«ሰማያዊውን መቼ ነው የነካኸው?» አልኩት።

«መጀመሪያ።»

«ታብሌቱ ሰማያዊው ሲነካ አንድ ጊዜ ዙሪያውን ያያል። ማን አለ? ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ያልተሰካ ነገር ቢኖር በኋላ ቢመጣም አያየውም።»

ላቡን በክንዱ ጠረገ። «በሩ ከተዘጋ በኋላ የመጣ መንገደኛ።»

«አዎ።»

«ይሄንን ለምን ካርቶኑ ላይ አልጻፍክም?» ብሎ እስክሪብቶውን ተቀበለኝና በራሱ እጅ፣ ፊደሎቹ ወደ ጎን የተኙ ሆነው፣ ከሦስተኛው መስመር በላይ ጻፈ፦ በር ከመዘጋቱ በፊት ስካ።

ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ አዳራሹ ደረስን። ሽማግሌ ዱዋል ወንበር ይዘው መሀል ላይ ተቀምጠዋል። ኦሞት ሁሉንም ዕቃ በአንድ ከረጢት ውስጥ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ውጪ።»

«ምን አደረግሁ?»

«ምንም። እዚህ ከሆንክ ፊትህን አያለሁ። ስሳሳት ፊትህ ይናገራል።»

ወጣሁ። በሩ አጠገብ ባለችው የኒም ዛፍ ሥር እማማ አቻን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። አጠገባቸው ቆምኩ። ከውስጥ የሽቦ መጎተት ተሰማ፣ ከዚያ የስፒከሩ ትንሽ እሪታ፣ ከዚያ ምንም። ባጃጅ አለፈ። አሁንም ምንም። ሽማግሌ ዱዋል ሲያስሉ ሰማሁ። ይህን ያህል ጊዜ መውሰድ እንደሌለበት አውቃለሁ። ስድስት መስመር ነው። ማገናኛው በደንብ አልገባ ይሆን? ያቺ ማገናኛ ትንሽ ልል ናት፣ ያንን አልጻፍኩለትም! እግሬ ወደ በሩ ሄደ።

እማማ አቻን የእጄን አንጓ ያዙ። ትልቅ ሴት ናቸው፣ አያያዛቸው ግን የወጣት ነው። በአኝዋክኛ ዝም ብዬ እንድቀመጥ ነገሩኝ። ድንጋዩ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ።

ከውስጥ ኦሞት ለራሱ ሲያንሾካሹክ ይሰማል፤ መስመሮቹን እያነበበ ነው። ከዚያ በአዳራሹ ውስጥ ዶሮ ጮኸ። እውነተኛ ዶሮ አይደለም፤ ከታብሌቱ ነው፣ ከእንስሳት ድምፆች ገጽ የተሳሳተውን ነክቶ። ሽማግሌ ዱዋል «ጴጥሮስ መጣብህ!» ሲሉ፣ ኦሞት ሲስቅ ሰማሁ። ዶሮው ሁለት ጊዜ ደገመ። ከዚያ ፒያኖው መጣ፣ በመጀመሪያ አንድ ቁልፍ፣ ቀጥሎ በሙሉ እጅ፣ ነጮቹ ብቻ።

እማማ አቻን አንጓዬን ለቀቁት። የጣቶቻቸው ቦታ ቆዳዬ ላይ ቀርቷል።

ትንሽ ቆይተው ሽማግሌ ዱዋል ወንበራቸውን ይዘው ወጡ። በሩ ላይ ቆመው ፀሐዩን በመዳፋቸው ከለሉ።

«ሠርቷል» አሉኝ። «መኪናው ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይነሣል።»

«ጥሩ ነው። እንግዲህ እኔ አላስፈልግም ማለት ነው» አልኩ። እንደ ቀልድ አድርጌ ነው ያልኩት።

ሽማግሌ ዱዋል እንደ ቀልድ አልሰሙትም። የተማሪ የተሳሳተ ሂሳብ እንደሚያዩ አዩኝ።

«እኔ ስለማስፈለግ መቼ ተናገርኩ? ኳየሩ አሥራ አራት ነው፣ ሽማግሌዎች ሦስት፣ ኦሞት አንድ። ሃያ ሰው ይጭናል።» ወንበሩን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩ። «ቦታ አለ ነው የምልሽ። ትመጫለሽ?»

ከውስጥ ኦሞት ዶሮውን እንደገና አገኘው። አሁን ግን ሆነ ብሎ ነው።

«እመጣለሁ» አልኩ።